ባትሪው እስኪሞት

እናንተዬ፣ ሰው በዚህ ዓለም ስንቱን ይጠብቃል! ታክሲ ይጠብቃል፣ ደመወዝ ይጠብቃል፣ የሄደ መብራት እስኪመጣ ይጠብቃል። እኔ ግን በሰላሙ ቀን፣ ራሴን ሳያመኝ ሆዴን ሳይቆርጠኝ፣ ቅዳሜ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ጀምሬ ጠረጴዛ ላይ የተጋደመ ዕቃ እስኪሞት ቁጭ ብዬ ጠብቄያለሁ። ያውም ደብተርና እስክሪብቶ ይዤ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይሄ ነው።

ከመሳቃችሁ በፊት ግን ነገሩን ከሥሩ ስሙኝ። ከዚያ በኋላ ሳቁ፤ አልከለክላችሁም፣ የብሎካችን ሰውም ስቋል።

ዕቃው የኪስ መጽሐፍ ቅዱስ የሚያህል ጥቁር ሳጥን ነው። ፎቶ ይይዛል። ልጄ ሰላም «ሀርድ ዲስክ ነው» ትለዋለች፤ ይሄኛው ግን የራሱ ስክሪንና የራሱ ባትሪ አለው። ኮምፒውተር በሉት ቴሌቪዥን አይፈልግም። አንዴ ከነኩት ፎቶዎቹን ተራ በተራ እያወጣ ያሳያል። ሰላም የምትሠራው ድሬዳዋ ነው፤ በአውቶቡስ መንገደኛ ልካልኝ «አባ፣ ያለንን ፎቶ ሁሉ ከትቼልሃለሁ፤ መብራት በሌለበትም ይሠራል» አለችኝ።

መብራት በሌለበት ያስፈለገኝ ምክንያት አለኝ። ባለቤቴ የሺ ካረፈች ሁለት ዓመት አለፋት። እትዬ ዘርፌ የሚባሉ ታላቅ እህት አሏት፤ እንደ እናት ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። የሚኖሩት ከቡታጅራ ወዲያ፣ የመብራት ምሰሶ ገና ካልደረሰበት መንደር ነው። ያኔ እግራቸውን ታመው ተኝተው ስለነበር ለቀብሯ አልደረሱም። ዘንድሮ በሰው ስልክ ደወሉልኝ። «ለመስቀል ና። የእህቴን ፎቶ ሁሉ ይዘህልኝ ና። ከልጅነቷ እስከ መጨረሻዋ ቁጭ ብዬ ልያት፤ ሳልሰናበታት ነው የሄደችብኝ» አሉኝ። ምን ይባላል? «እሺ» አልኩ።

ሒሳቡን ስሙ። በሳጥኑ ውስጥ ያለው ፎቶ አራት ሺህ ሁለት መቶ ምናምን ነው። እያንዳንዱ አምስት ሰከንድ ይታያል። አንድ ዙር ለመጨረስ ስድስት ሰዓት ሊሞላ ትንሽ ይቀረዋል። ፎቶዎቹ የተደረደሩት ደግሞ በጊዜያቸው ነው፤ የመጨረሻዎቹ ሁለት ዓመታት የሺ፣ እትዬ ዘርፌ ጨርሰው ያላዩዋት የሺ፣ ያለችው መጨረሻ ላይ ነው። ባትሪው አምስት ሰዓት ላይ ቢሞትስ? እህትየዋ ሁለተኛ ጊዜ ሳይሰናበቷት ሊቀሩ ነው! ይሄንን ሳስብ እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

ካርቶኑ ላይ «አስር ሰዓት ይቆያል» ይላል። ካርቶንማ ምን የማይለው አለ? የብስኩት ካርቶንም «ጣፋጭ» ይላል። እኔ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የውሃ ቆጣሪ አንባቢ የነበርኩ ሰው ነኝ። ቆጣሪ አንባቢ በዓይኑ አይቶ በእጁ ካልጻፈው በቀር የሚያምነው ቁጥር የለም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይሉ የለ? እኔ ሁለቱም ነኝ።

ባትሪ ደግሞ አላምንም። በእኛ ልጅነት ባትሪ ማለት በቃ የእጅ ባትሪ ነበር። ድንጋዩ ሲደክም አውጥተን ፀሐይ ላይ እናሰጣዋለን፤ እሱም ካልረዳው በጥርሳችን ነክሰን እንመልሰዋለን፤ ለሁለት ቀን ነፍስ ይዘራል። ያን ዘዴ ለሰላም ብነግራት «አባ፣ እንዳትነክሰው! ይፈነዳል!» ብላ ጮኸችብኝ። አልነክሰውም አልኩ። ፀሐዩን ግን አልማልኩላትም።

የመጀመሪያውን ሙከራ ያደረግኩት በፊተኛው ቅዳሜ ነበር። ቻርጁን መቶ ሞልቼ፣ ፎቶውን አስጀምሬ፣ ወንበሬ ላይ ተመቻቸሁ። አምስት ሰከንድ፣ አንድ ፎቶ። አምስት ሰከንድ፣ አንድ ፎቶ። ይሄ ነገር ለሕፃን ማስተኛ ቢሸጡት ያዋጣቸዋል። ስነቃ ስክሪኑ ጨልሟል፤ መቼ እንደጨለመ እግዜር ይወቀው። ደብተሬ ላይ የተጻፈው «ጠዋት 1፡00፣ ተጀመረ» ብቻ ነው፤ ከሥሩ የምራቅ እድፍ አለ።

ሁለተኛው ማክሰኞ ነበር። እንቅልፍ እንዳይወስደኝ ቆሜ። ታምሩን ስሙ፦ ከጠዋት እስከ ቀትር ባትሪው ከመቶ ንቅንቅ አላለም! ለሰላም ደውዬ «ልጄ፣ ይሄ ባትሪ አይደለም፣ ጠበል ነው!» አልኳት። እሷ ቀዝቀዝ ብላ «አባ፣ ገመዱን ነቅለኸዋል?» አለችኝ። ገመዱን! ጠዋት ስጀምር መብራት ጠፍቶ ስለነበር «መብራት ከሌለ ገመድ ምን ያደርጋል» ብዬ ሶኬቱ ላይ ትቼዋለሁ፤ ለካ መብራቱ ድምፁን አጥፍቶ ተመልሷል። ግማሽ ቀን ሙሉ ቆሜ የለካሁት የመንግሥትን መብራት ነው።

ሦስተኛው ነው እንግዲህ ጉዴን ያፈላው።

የምኖረው ጀሞ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ፣ ስቱዲዮ ቤት ነው። ከየሺ ጋር የኖርነው ለቡ መብራት ኃይል ነበር። ሰፈሩ መብራት ኃይል ይባል እንጂ በሕይወቴ ብዙ ሻማ የገዛሁት እዚያ ነው። የሺ ስታርፍ ቤቱ ለአንድ ሰው ሰፋብኝና ዕቃዬን ጠቅልዬ ጀሞ መጣሁ። እዚህ የሺን የሚያውቅ የለም። እኔንም ቢሆን ደረጃ ላይ «ደህና አደሩ» ከመባባል ያለፈ የሚያውቀኝ የለም። ከመጣሁ ዓመት ከሰባት ወር ሆነኝ፤ በሬን ያንኳኩትን ልቁጠርላችሁ? አንዱ ቤት ተሳስቶ ነው፤ ሲያየኝ ደነገጠ። አንዷ ሳሙና ሻጭ ናት። አንዱ ደግሞ ቧንቧ ሠሪ ነው፤ እሱም ቢሆን የጠሩት ሦስተኛ ፎቅ ነበር። እኔ ሠላሳ ዓመት የሰው በር ሳንኳኳ ኖሬ! የውሃ ቆጣሪ አንባቢ እንኳ አይመጣልኝም፤ ቆጣሪው ምድር ቤት ነው ያለው።

እና ያን ቅዳሜ ገመዱን ነቅዬ፣ ሌላ ክፍል የለኝምና መታጠቢያ ቤት ወስጄ ቆለፍኩበት። ልክ አንድ ሰዓት ላይ አስጀመርኩ።

የሺ ፎቶ አይሆንላትም ነበር። ካሜራ ሳነሳ ሁልጊዜ «ቆይ! ነጠላዬን ላስተካክል» ትለኛለች። እኔ ደግሞ መቼ ነው የምቆየው? ቀጭ! ስለዚህ ከአስሩ ፎቶ በሰባቱ ላይ አፏ «ቆ» እንዳለ ነው የቀረው። «ቆ» ስትሉ አፋችሁ ምን እንደሚመስል መስታወት ፊት ሞክሩትና ይግባችሁ። በሠርጋችን ቀን «ቆ»። ሰላም ስትወለድ፣ ሕፃኗን ታቅፋ «ቆ»። ላንጋኖ ዳር፣ ነፋሱ ነጠላዋን ሲወስደው «ቆ»። በአምስት በአምስት ሰከንድ ወጣትነቷ አለፈ፤ ፀጉሯ መሸበት ጀመረ። በአንዱ ላይ ሳላውቀው «እሺ፣ እቆያለሁ» ብያት አረፍኩ። አምስት ሰከንዱ ሞላና ሄደች። ናፈቀችኝ። ምን ልደብቃችሁ፣ በጣም ናፈቀችኝ፤ ግን ደብተር አለብኝ፣ አሥር በመቶ በወረደ ቁጥር ሰዓቱን እጽፋለሁ።

አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ሰላም ደወለች። ቤቴ ውስጥ ስልኩ ይጠራል እንጂ ድምፅ ስለሚቆራረጥ ለማውራት በረንዳ መውጣት አለብኝ፤ በረንዳዬ ደግሞ ከጎረቤቴ ከሙኒራ በረንዳ ጋር የተለያየው በአንድ ስስ ግድግዳ ነው። ሙኒራ ጀሞ ገበያ ሱቅ ያላት፣ ልጆቿን ድራ ብቻዋን የቀረች የስልጤ ሴት ናት። ድሬዳዋ ድረስ እንዲሰማ ብዬ ሳይሆን አይቀርም፣ እኔ በስልክ ሳወራ እጮሃለሁ። ያልኩትን ልድገምላችሁ። እናንተም እንደ ሙኒራ ግድግዳው ወዲያ ሆናችሁ ስሙት፦

«አልሞተም! ገና ነው! … አርባ አንድ ነው የቀረው። … ኧረ ምንም አልሰጠሁትም! ከጠዋት ጀምሮ ምንም! … አይ፣ ከሞተ በኋላ ነው የምሰጠው። … አዎ፣ አጠገቡ ቁጭ ብዬ እያየሁት ነው፤ ሰውነቱ ትንሽ ግሏል። … ከሰዓት በኋላ ያበቃለታል፤ ከስምንት፣ ዘጠኝ ሰዓት አያልፍም። … ሰው? ሰው ምን ያደርግልኛል፤ ብቻዬን እጨርሰዋለሁ! … ሲሞት ደውዬ አበሥርሻለሁ!»

ያ አማርኛችን ደግሞ ዕቃውንም ሰውየውንም «እሱ» ነው የሚለው። በየትኛው ቃል ላይ ትጠርጥር? እውነት እላችኋለሁ፣ እኔም ብሰማው ፖሊስ እጠራ ነበር።

ስድስት ሰዓት ላይ ስልኬ ጠረር አለ፤ የብሎካችን ቴሌግራም ግሩፕ ነው። «በአራተኛ ፎቅ በጠና የታመመ ሰው ስላለ ሙዚቃ የምትከፍቱ እባካችሁ ቀንሱ» ይላል። አዘንኩ። ከኔው ፎቅ ሰው ታሞ አለማወቄ አሳፈረኝ፤ አይ ከተማ፣ ጎረቤትህ ሲሞት በቴሌግራም ነው የምትሰማው አልኩ። ሰው ሁሉ «እግዚአብሔር ይማረው»፣ «አላህ ያሽረው» እያለ ሲጽፍ እኔም ወግ ነውና «ፈጣሪ ምሕረቱን ይላክለት» ብዬ ጻፍኩ። እጆች የተጋጠሙበትን ሥዕልም ጨመርኩበት። አንዱ ወዲያው «አይዞዎት ጋሼ፣ ይበርቱ» ብሎ መለሰልኝ። «ምን ዓይነት ትሁት ልጅ ነው» ብዬ ወደ ሳጥኔ ተመለስኩ።

ግማሽ ሰዓት ቆይቶ በሬ ተንኳኳ። ሙኒራ ናት፤ በአንድ እጇ ፔርሙስ፣ በሌላው ኩባያ ይዛለች። ዓይኗ ቀልቷል።

«ጋሼ፣ እንዴት ዋለ?» አለችኝ።

በግድግዳው ሰምታ ስለ ባትሪው መጠየቋ መሰለኝና ደስታዬን አልቻልኩትም። የኔን ሙከራ ጉዳይ ብሎ የሚጠይቅ ሰው! «ደክሟል» አልኳት፤ «ሃያ ስምንት ደርሷል። ጥሩ እየታገለ ነው ግን።»

«ሃያ ስምንት? ያ ረቢ! ገና ልጅ ነዋ!» አለችና አፏን ያዘች። «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ለታመመ ሰው ምግብ አይከለከልም። ሐኪም ቢከለክልም አይከለከልም። ትንሽ አጥሚት ሠርቼለታለሁ፤ ከንፈሩን እንኳ ያርጥቡለት።»

ያኔ ነገሩ ከእግር ጥፍሬ እስከ ራስ ፀጉሬ ገባኝ። አራተኛ ፎቅ ያለው በሽተኛ የኔው ነው! ፈጣሪ ምሕረቱን ይላክለት ያልኩት ለሀርድ ዲስክ ነው!

ልነግራት አፌን ከፈትኩ። በእግዜር፣ ከፈትኩ። ግን አሰብኩት፦ ብነግራት ትስቃለች፤ ስቃ ፔርሙሷን ይዛ ትገባለች፤ ነገ ደረጃ ላይ «ደህና አደሩ» እንባባላለን። ደጃፌ ላይ ደግሞ ትኩስ ነገር ይዛ፣ ፊቷን አጥቁራ፣ «እንዴት ዋለ?» ያለችኝ ሰው ቆማለች። ዓመት ከሰባት ወር ውስጥ እንዲህ ያለኝ አልነበረም።

«ልጅዎ ነው?» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«እንደ ልጄ ነው» አልኩ። ውሸታም! ስድሳ አራት ዓመቴ ነው፤ እንዲህ በጠራራ ፀሐይ ስዋሽ የመጀመሪያዬ ነው። «ተኝቷል፤ ሲነቃ እሰጠዋለሁ» ብዬ ተቀበልኳትና በሩን ቀስ ብዬ ዘጋሁ፤ በሽተኛው እንዳይነቃ።

አጥሚቱ ቅቤ ገብቶበታል። በሽተኛው ፊት ቁጭ ብዬ አንድ ኩባያ ጠጣሁ። ሁለተኛውን ስጠጣ የመጨረሻዎቹ ፎቶዎች መጡ፤ የሺ ለቡ ቤታችን በረንዳ ላይ፣ ከስታ፣ ጋቢ ለብሳ። እነዚያ ላይ «ቆይ» አትልም። ዝም ብላ ታየኛለች። ሰባት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ዙሩ አለቀ፤ ባትሪው አሁንም ሃያ ሦስት በመቶ አለው። ደረሰ! እትዬ ዘርፌ እህታቸውን እስከ መጨረሻዋ ሊያዩዋት ነው። ሦስተኛውን ኩባያ ለደስታዬ ጠጣሁት። ሳጥኑም የሺን እንደገና ከልጅነቷ ጀመራት።

እዚያ ላይ ባቆም ምን ነበረበት? ያስፈለገኝ ስድስት ሰዓት ነው፤ አግኝቻለሁ። ግን ደብተሩ ላይ «ሞተ» ሳይባል እንዴት ይዘጋል? ቆጣሪ ግማሽ ተነቦ አያውቅም። ጠበቅኩት። ስምንት ሰዓት ከአርባ ላይ፣ የሺ ሕፃኗን ሰላምን ታቅፋ «ቆ» እንዳለች፣ ስክሪኑ ጥቁር አለ። ሰባት ሰዓት ከአርባ ደቂቃ! በዚያው ሰላም ደወለች። በደስታ ብዛት ሙኒራንም፣ አጥሚቱንም፣ ውሸቴንም ረሳሁና በረንዳ ላይ ወጥቼ ጉሮሮዬ እስኪነቃ ጮህኩ፦

«ሞተ! ሰላምዬ፣ ሞተ! ሰባት ከአርባ! ሞተልኝ!»

ከግድግዳው ወዲያ «ኢና ሊላሂ! ዋይ! ዋይ!» የሚል ጩኸት ተነሣ። በር በበሩ ላይ ተከፈተ። ደረጃው በእግር ተሞላ። ስልኬ ውስጥ ሰላም «አባ፣ ምንድን ነው የሚጮኸው? አባ!» ትላለች። «እደውልልሻለሁ» ብዬ ዘጋሁባት።

አምስት ደቂቃ አይሆንም፣ በሬ ላይ አሥራ አምስት ሰው ቆሟል። ሴቶቹ ነጠላቸውን ዘቅዝቀዋል። ከፊት ያሉት የእድራችን ሊቀመንበር ጋሽ ታደሰ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የጦር ሰው፣ ቆፍጣና፤ የእድሩን መዝገብ በብብታቸው ይዘዋል። ከኋላቸው ሁለት ጎረምሶች አግዳሚ ወንበር ተሸክመው በደረጃው መታጠፊያ ላይ ተሰንቅረዋል።

«ወንድሜ፣ አስከሬኑ የት ነው?» አሉኝ ጋሽ ታደሰ ቆባቸውን አውልቀው።

ስቱዲዮ እኮ ነው! አስከሬን ቀርቶ ድመት የሚደበቅበት ጥግ የለውም። ሁሉም ያየዋል፦ አልጋዬ፣ ተነጥፎ ባዶ። ጠረጴዛዬ፣ ደብተር፣ የአጥሚት ኩባያ፣ ጥቁር ሳጥን። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ብዬ ተመኘሁ፤ አራተኛ ፎቅ ላይ ግን መሬትም የለ። እጄን ዘርግቼ ወደ ሳጥኑ ጠቆምኩ።

«ይሄ ነው» አልኩ።

«ይሄ ምን?»

«የሞተው።»

ከዚያ ወንበር ከተሸከሙት አንዱ «ቻርጅ ቢያደርጉት ይነሳ ነበር እኮ» አለ። ደረጃው በሙሉ በሳቅ ተናጋ። ጋሽ ታደሰ ግን አልሳቁም፤ ፊታቸው ጠቆረ። «እድር መጫወቻ ነው? ሰው ሥራውን ጥሎ፣ ወንበር ተሸክሞ፣ ለዕቃ? በዚህ ዕድሜዎ?» አሉ። ሙኒራም አልሳቀችም። ወደ ጠረጴዛው ሄዳ ፔርሙሷን አንስታ ወዘወዘችው፤ ባዶ ነው።

«አጥሚቱስ?» አለች።

«ጠጣሁት።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም። ይቅርታ አድርጊልኝ። ይጣፍጥ ነበር።»

ሰዉ እየሳቀ መውረድ ጀመረ። ደግሜ ብቻዬን ልቀር መሆኑን አወቅኩት፤ አሁን ደግሞ «ደህና አደሩ»ዋም ላትኖር ነው። ሙኒራ ፔርሙሷን እንደያዘች ሳጥኑን ትኩር ብላ አየችው።

«ጋሼ፣ ምን ቢይዝ ነው እንዲህ የጠበቁት?»

«ፎቶ ነው።»

«የማን?»

«የባለቤቴ። ለመስቀል ለእህቷ ልወስድላቸው ነው። እዚያ መብራት የለም፤ ሳትታይ እንዳትጠፋባቸው ብዬ ነው የሞከርኩት።»

ጋሽ ታደሰ በሩ ላይ ደርሰው ዞር አሉ። «ባለቤትዎ አረብ ሀገር አይደሉም እንዴ?» አሉኝ።

«ማን አለ?»

መዝገባቸውን ገልጠው ጣታቸውን በመስመሩ ላይ አስኬዱ። «እኔው ነኝ የጻፍኩት። ሲመዘገቡ ባለቤትዎስ ብልዎ ‹የለችም› አሉኝ። ‹ባለቤት፣ ውጭ ሀገር› ብዬ ጻፍኩ።»

«የለችም ማለቴ …» አልኩና ሳጥኑን አየሁት። «የለችም ማለቴ ነው።»

ጋሽ ታደሰ መዝገቡን ዘጉት። ደረጃው ላይ የነበረው ሳቅ ከላይ ወደታች ጸጥ እያለ ወረደ። «ሁለት ዓመቷ ነው» አልኩ፤ ማንም ሳይጠይቀኝ። «ለቡ እያለን ነው ያረፈችው።»

«እዚህ ቤት ተለቅሶላቸዋል?» አሉኝ።

«እዚህ የሚያውቃት ሰው የለም።»

ሽማግሌው መዝገቡን ወደ ብብታቸው መለሱ። ከዚያ ወደ ደረጃው ዞረው በዚያ በጦር ሜዳ ድምፃቸው «ወንበሩን አስገቡት!» አሉ።

አስገቡት። ገቡ። የወረዱትም ተመለሱ። አልጋዬ ላይ፣ መሬት ላይ፣ በረንዳው ላይ ተቀመጡ። ጋሽ ታደሰ እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው «እግዜር ያጽናዎት» አሉኝ፤ ከኋላቸው ያሉት አንድ በአንድ እየመጡ እንዲሁ። አንዷ ሴትዮ «ፎቶአቸውን አሳዩና» ብትል ገመዱን ከመታጠቢያ ቤት አውጥቼ ሰካሁት፤ መብራት የለም። ስለዚህ በአፌ ነገርኳቸው። ከጠዋት ጀምሮ አይቻት የለ? ከመጀመሪያው ጀምሬ፣ እያንዳንዱን ፎቶ፣ የትኛው የት እንደተነሣ፣ ምን እንደለበሰች፣ «ቆይ» ስትል አፏ እንዴት እንደሚሆን ነገርኳቸው። ሴቶቹ የማያውቋትን የሺን አለቀሱላት። እኔም አለቀስኩ፤ ሰው ፊት።

ሰዉ ሲበተን ሙኒራ ቀረች። ፔርሙሷን ታቅፋ በሩ ላይ ቆማ፣ ዓይኗን ከእኔ ላይ መልሳ ግድግዳውን አየችው።

«ጋሼ፣ ማታ ማታ በዚህ በኩል አንድ ሰው ሲያወራ ይሰማኛል» አለች። «እኔ እኮ ሬዲዮ መስሎኝ ነበር።»

«ሬዲዮ የለኝም» አልኳት።